የት ልኑር? የመኖሪያ ቦታ ምርጫና ደኅና ኑሮ ከጎንደር ሲታዩ

ጎንደር ውስጥ የመኖሪያ ቦታ ጥያቄ የማይነሣበት ቤት ዛሬ ጥቂት ነው። ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀው ልጅ አዲስ አበባ ልሂድ ይላል፤ አዲስ አበባ የሚሠራው በቤት ኪራይ ተማርሮ ልመለስ ወይ ብሎ ያማክራል፤ ውጭ አገር የኖረው ጡረታውን የት እንደሚያሳልፍ ያሰላል፤ በግጭት ከቀየው የተፈናቀለው ደግሞ ከመመለስና ከተማ ከመቅረት አንዱን ለመምረጥ ይቸገራል። ጥያቄው አንድ ይመስላል እንጂ ጠያቂዎቹ የሚፈልጉት መልስ የተለያየ ነው።

በዚህ ንግግር ውስጥ ሁለት አስተያየቶች ጎልተው ይሰማሉ። አንደኛው ገንዘብ ካለ ሁሉም አገር አንድ ነው፣ ቦታ ቁም ነገር አይደለም የሚል ነው። ሁለተኛው ችግሩ ያለው ቦታው ላይ ስለሆነ ለቆ የሄደ ሁሉ ያልፍለታል የሚል ነው። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው፤ ነገር ግን ቦታ በሰው ኑሮ ላይ የሚሠራው በምን መንገድ እንደሆነ ስለማያስረዱ ለውሳኔ አይረዱም። ቦታ ደኅና ኑሮን የሚወስነው በስሙና በታወቀበት ነገር ሳይሆን ተራውን ቀን በሚከፋፍልበት መንገድ ነው። ከቀኑ ስንት ሰዓት በመንገድ፣ ስንቱ ውኃ በመጠበቅ፣ ስንቱ ከሰው ጋር እንደሚያልፍ የሚወሰነው በቦታው ነው። ከእነዚህም ውስጥ ዋጋ ያልተተመነለት ክፍል ሰው መሄድና መቅረትን ሲያሰላ ዘወትር ይዘነጋል።

ደኅና ኑሮ ምን ምን ያጠቃልላል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1948 በጸናው መተዳደሪያው ጤናን ሲተረጉም የበሽታ አለመኖር ብቻ ሳይሆን የአካል፣ የአእምሮና የማኅበራዊ ኑሮ ሙሉ ደኅንነት አድርጎ አስቀምጦታል። ጉዳዩን የሚያጠኑ ባለሙያዎች ደግሞ ደኅና ኑሮን ሲለኩ ሦስት ነገሮችን ይለያሉ። የመጀመሪያው ሰው ሕይወቱን በጠቅላላው ሲመዝን የሚሰጠው ፍርድ ነው። ሁለተኛው በየዕለቱ የሚሰማው ስሜት ማለትም ደስታው፣ ጭንቀቱና ድካሙ ነው። ሦስተኛው የሚሠራው ነገር ትርጉም አለው ብሎ ማመኑ ነው።

ሦስቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። መተማ ወርዶ በሰሊጥ እርሻ የሚሠራ ወጣት ለቤተሰቡ ገንዘብ በመላኩ ሕይወቱን በመልካም ሊመዝን ይችላል፤ የዕለት ኑሮው ግን ሙቀትና ድካም የበዛበት ነው። አሮጊት እናቱን ለመጦር ሲል የተሻለ ደመወዝ ትቶ ጎንደር የቀረ ሰው ቀኑ አድካሚ ቢሆንም ትርጉም አያጣበትም። ስለዚህ «ለኔ የሚስማማው የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከሦስቱ የትኛው እንደጎደለበት አስቀድሞ ቢለይ ጥያቄው ግማሽ ይቀልለታል።

ከፍታ፣ አየርና ጤና

ቦታ በሰው ላይ የሚያሳድረው የመጀመሪያው ተጽዕኖ በአካል ላይ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የአየሩ ሙቀት በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። አባቶቻችን አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ እያሉ መክፈላቸው ምን እንደሚበቅል ብቻ ሳይሆን ሰው እንዴት እንደሚኖርና በምን እንደሚታመምም ይናገራል። ከጎንደር በስተሰሜን የተጓዘ ሰው በዚያው ቀን ከ2,800 ሜትር በላይ ወዳለችው ደባርቅ ይደርሳል፤ በስተምዕራብ የወረደ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በታች ወዳለው የመተማ ቆላ ይገባል። በስተደቡብ የደምቢያ ሜዳና የጣና ዳርቻ 1,800 ሜትር አካባቢ ይገኛሉ።

ይህ ልዩነት በታሪክም ተጽዕኖ ነበረው። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ነገሥታት በጣና ዙሪያ ከተቀመጡ በኋላ አፄ ፋሲለደስ መቀመጫቸውን በጎንደር ሲያጸኑ፣ ቦታው በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ያለ ከፍ ያለ ምድር መሆኑና ወደ ሱዳንና ወደ ቀይ ባሕር ከሚወስዱት የንግድ መንገዶች መቅረቡ ከምክንያቶቹ መካከል ይጠቀሳሉ። ወባም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለች፤ በኢትዮጵያ በአብዛኛው የምትተላለፈው ከ2,000 ሜትር በታች በመሆኑ ጎንደር ከወሰኑ ጥቂት ከፍ ብላ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ፣ በቆላ ድባ አካባቢ ብዙ ሺህ ሰው የጨረሰ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። በዓመቱ በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እንዲቋቋም ካስገደዱት ነገሮች አንዱ ያ ወረርሽኝ ነበር፤ ኮሌጁም አድጎ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በከተማዋ ትልቅ የማስተማሪያ ሆስፒታል መኖሩ በራሱ፣ ሥር የሰደደ ሕመም ላለበትና ዕድሜው ለገፋ ሰው የመኖሪያ ምርጫውን የሚቀይር ነገር ነው።

የወባ ወሰን ግን በድንጋይ የታጠረ አይደለም። አየሩ በሞቀ ቁጥር ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል፤ ከቆላ የሚመለስ ሠራተኛም በሽታውን በደሙ ይዞ ይመጣል። ካላዛር የሚባለውን በሽታ ያየ ሰው ይህን በደንብ ይረዳል። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ጉበትንና ጣፊያን የሚያጠቃ፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ ሲሆን ከመተማ እስከ ሁመራ ያለው ቆላ በኢትዮጵያ ዋነኛ መገኛው ነው። ሰሊጥና ማሽላ ለማረምና ለመሰብሰብ ከደጋ የሚወርዱት ወቅታዊ ሠራተኞች ቀድሞ ለበሽታው ተጋልጠው ስለማያውቁ ሰውነታቸው የመከላከል ዐቅም የለውም፤ በዚያ ላይ ሌሊቱን ደጅ ያድራሉ። ቆላው ለጥቂት ወራት ከደጋው የተሻለ ገንዘብ ይከፍላል፤ ከክፍያው ውስጥ ግን የተወሰነው በአካል ላይ ለሚወድቀው አደጋ የተሰጠ ነው። ደመወዙን የሚጠይቅ ሰው ስለ አጎበር፣ ስለ ማደሪያና ስለ ቅርብ ጤና ጣቢያ ካልጠየቀ የሂሳቡን ግማሽ ትቶታል።

ስለ ጎንደር የአየር ጠባይ ሲወራ የሚረሳ ሌላ ነገር አለ፤ እሱም ዳገቱ ነው። ከተማዋ በተረተርና በሸለቆ ላይ የተሠራች በመሆኗ አንድ ሰፈር ከሌላው በኪሎ ሜትር ሳይርቅ በአቀበት ሊርቅ ይችላል። ለጤነኛ ወጣት ይህ የዕለት እንቅስቃሴ ነው፤ ጉልበቱ ለሚያመው አዛውንት ወይም በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው ግን ከቤት መውጣትና አለመውጣትን የሚወስን ነው።

ከሩቅ የታየ ቦታና የሚኖሩበት ቦታ

ዴቪድ ሽኬድና ዳንኤል ካህነማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት በካሊፎርኒያና በመካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ የሚኖሩ ተማሪዎችን ጠየቁ። ሁለቱም ወገኖች ፀሐያማ በሆነው በካሊፎርኒያ የሚኖር ሰው የበለጠ ደስተኛ ይሆናል ብለው ገመቱ። ስለ ራሳቸው ሕይወት ሲጠየቁ ግን የሁለቱ እርካታ ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ይህን «ፎከሲንግ ኢሉዥን» አሉት፤ በአማርኛ የትኩረት ስሕተት ልንለው እንችላለን። ሰው ሁለት ቦታዎችን ሲያወዳድር ጎልቶ የሚታየውን ልዩነት ብቻ ስለሚያስብ፣ ቀኑን የሚሞሉትን የማይታዩ ነገሮች ይዘነጋል ማለት ነው።

ጎንደር ለዚህ ስሕተት በሁለቱም አቅጣጫ የተመቸች ናት። ከውጭ ወይም ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በጥር ለጥምቀት ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱ ደረቅ፣ ዘመድ ሁሉ የተሰበሰበበት ወቅት ነው። ስለ መመለስ ሲያስብ የሚያየው የፋሲልን መዋኛ፣ የዘመዱን ቤት፣ የበዓሉን ሞቅታ ነው። ቋሚው ነዋሪ ግን ግንብ ውስጥ አይኖርም፤ የሚኖረው በፈረቃ የሚመጣ ውኃ ሲጠብቅ፣ ባጃጅ ሲፈልግ፣ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ነው። በአንጻሩ አዲስ አበባን ከጎንደር የሚያስብ ወጣት ሥራውንና ሰፊውን ገበያ ያያል፤ ከዳር ሰፈር ወደ ሥራ ለመግባት ማለዳ የሚሰለፍበትን የታክሲ ሰልፍ አያይም።

ጥናቶቹ የሚያስረዱት ሌላው ነገር ሰው ለአንዳንድ ነገር ቶሎ እንደሚላመድ፣ ለአንዳንዱ ግን እንደማይላመድ ነው። የቤት ስፋትና የአካባቢ ውበት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተራ ይሆናሉ። ረዥም የሥራ መንገድ ግን እንዲህ አይደለም። ብሩኖ ፍራይና አሎይስ ስቱትዘር በጀርመን መረጃ ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ወደ ሥራ ለመሄድ ረዥም ጊዜ የሚወስድባቸው ሰዎች የኑሮ እርካታቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል፤ የተሻለ ደመወዝ ወይም ርካሽ ቤት ድካማቸውን ሙሉ በሙሉ አልካሰውም። በእኔ ግምት ተገማች አለመሆንም ከዚሁ ወገን ነው። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን እንደሚመጣ ያወቀ ቤተሰብ በርሜሉን አዘጋጅቶ ኑሮውን ያስተካክላል፤ መቼ እንደሚመጣ የማያውቅ ግን ሌሊትም ቧንቧውን እያዳመጠ ያድራል።

ኪራይ፣ ደመወዝና የጋራ ዋጋ

በምጣኔ ሀብት ትምህርት የቦታ ሚዛን የሚባል አስተሳሰብ አለ። ሼርዊን ሮዘንና ጄኒፈር ሮባክ ያጎለበቱት ይህ አስተሳሰብ እንደሚለው፣ አንድ ቦታ ለኑሮ የሚመረጥ ከሆነ ሰው ይጎርፍበታል፣ የቤት ዋጋው ይወጣል፣ ለሥራ የሚወዳደረውም ስለሚበዛ ደመወዝ አይጨምርም፤ ይህ የሚቀጥለው ብልጫው በዋጋ እስኪበላ ድረስ ነው። ከዚህ ተነሥተው አንዳንዶች የት ይኖራል የሚለው ጥያቄ ትርፍ የለውም ወደሚል መደምደሚያ ይደርሳሉ፤ ርካሽ ቦታ የረከሰው በምክንያት ነውና።

ይሁን እንጂ ገበያው የሚተምነው የብዙኃኑን ፍላጎት ነው። ጎንደር ውስጥ ፒያሳና አራዳ አካባቢ ያለ ክፍል ከከተማዋ ዳር ካለው ከአዘዞው ቢወደድ፣ ከተከራዩ የሚጠየቀው ለገበያ፣ ለቢሮና ለትራንስፖርት መቅረቡ የሚያወጣውን ዋጋ ነው። በማራኪ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ዙሪያ ያለውን ኪራይ የሚያወጣው ደግሞ የተማሪና የመምህር ፍላጎት ነው። ቤቱ ሆኖ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ወይም ልጆቹ አድገው የወጡለት ጡረተኛ እሱ ለማይጠቀምበት ቅርበት የሚከፍልበት ምክንያት የለም። አንድ ሰው ከቦታ ምርጫ እውነተኛ ጥቅም የሚያገኘው ፍላጎቱ ከብዙኃኑ በሚለይበት ነጥብ ላይ ነው። «ጥሩ ሰፈር የትኛው ነው?» የሚለው የተለመደ ጥያቄ የሚያሳስተውም ለዚህ ነው፤ ሁሉም ጥሩ ያለው ሰፈር ጥሩነቱ በኪራዩ ውስጥ አስቀድሞ ተከፍሏልና።

ያለፉት ሁለት ፖሊሲዎች ይህን ስሌት ነክተውታል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪም በመንግሥት አካል በሚወሰን መጠን እንዲሆን ደንግጓል፤ በክልል ከተሞች ያለው አፈጻጸም ግን ክልሎች በሚወስኑት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሁለተኛው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን የተደረገበት ውሳኔ ነው። አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ ገንዘብ የሚላክለት ቤተሰብ በብር የሚያገኘው ጨመረ፤ በብር ደመወዝ ብቻ የሚኖረው መምህርና ነርስ ግን ከውጭ ለሚገቡ ዕቃዎች የሚከፍለው በዛ። በዚህ የተነሣ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሁለት ቤተሰቦች ስለዚያችው ከተማ ኑሮ ፈጽሞ የተለያየ ነገር ቢናገሩ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ዋጋ ያልወጣለት ሀብት

መሄድና መቅረት ሲሰላ በወረቀት ላይ የሚሰፍሩት ደመወዝ፣ ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያና የጉዞ ወጪ ናቸው። እድር፣ ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ የቡና ጎረቤት፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በር የሚከፍትለት ሰው ግን አይሰፍሩም። የማይሰፍሩትም ዋጋ ስለሌላቸው ሳይሆን ገበያ ላይ ስለማይሸጡ ነው።

የሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ሰዎችን ዕድሜ ልካቸውን በተከታተለበት ጥናት፣ በመካከለኛ ዕድሜ ጥሩ ግንኙነት የነበራቸው ሰዎች በእርጅናቸው የተሻለ ጤናና እርካታ እንደነበራቸው ተመዝግቧል። ጥናቱ ሲጀመር ወንዶችን ብቻ፣ ያውም በአንድ የአሜሪካ ከተማ አካባቢ ያሉትን የያዘ በመሆኑ ለሁሉም ሕዝብ እንዳለ መውሰድ አይገባም። ለጎንደሬ ግን ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላልና።

የእድር አሠራር የዚህን ሀብት ጠባይ በግልጽ ያሳያል። አባል በየወሩ መዋጮ ይከፍላል፤ ሐዘን ሲደርስበት ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ገንዘቡና ሰው በአንድነት ይመጡለታል። አባሉ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ግን ያከማቸውን መተማመን እንደ ባንክ ሒሳብ አያዛውረውም። አዲስ በገባበት ሰፈር ብዙ እድሮች እድሩ ካፈራው ንብረት ጋር የሚመጣጠን መግቢያ ያስከፍላሉ፤ ከዚህም የሚከብደው ሰዎች እስኪያውቁት ድረስ የሚያልፈው ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ሄዶ ደመወዙ በእጥፍ ያደገለት ሰው ለሞግዚት፣ ለአስታማሚና ለአደራ የሚከፍለውን ሲደምር፣ ጎንደር ሳለ ያለ ገንዘብ ያገኘው የነበረውን አሁን እየገዛ መሆኑን ይረዳል። እውነተኛው የገቢ ልዩነት ይህ ከተቀነሰ በኋላ የሚቀረው ነው።

የተቃራኒው ወገን ክርክርም ቀላል አይደለም። የሚደግፍ ጎረቤት የሚቆጣጠር ጎረቤትም ነው። ከባሏ የተፋታች ሴት፣ ከአእምሮ ሕመም ያገገመ ሰው፣ ቤተሰቡ ካሰበለት የተለየ ሙያ የመረጠ ወጣት፣ ሁሉም በሚያውቃቸው ሰፈር ውስጥ የሚከፍሉት ዋጋ ከባድ ነው። ለእነርሱ ማንም የማያውቃቸው ትልቅ ከተማ ዕረፍት ሊሆን ይችላል። በዚህ ጉዳይ አመዛዛኙ ነጥብ የግንኙነቱ ብዛት ሳይሆን ሰው ከግንኙነቱ የሚያገኘው ከሚጠየቀው ይበልጣል ወይ የሚለው ይመስለኛል። ይህንንም ከውጭ ሆኖ ማንም ሊፈርድለት አይችልም።

ምርጫው የማን ነው?

እስካሁን የተባለው ሁሉ ሰው ብቻውን የሚወስን፣ መምረጥም የሚችል አስመስሎታል። ሁለቱም ሁልጊዜ እውነት አይደሉም። ጆን ሃሪስና ማይክል ቶዳሮ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረቡት ትንታኔ ሰው ወደ ከተማ የሚፈልሰው ዛሬ የሚያገኘውን ደመወዝ አይቶ ሳይሆን ሥራ የማግኘት ዕድሉን ከደመወዙ ጋር አስልቶ የሚጠብቀውን ገቢ አይቶ ነው ይላል። ከተማ ውስጥ ሥራ አጥ በሞላበት ፍልሰት የሚቀጥለውም ለዚህ ነው። ኦዴድ ስታርክና ዴቪድ ብሉም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1985 ውሳኔው የግለሰቡ ሳይሆን የቤተሰቡ ነው ሲሉ ተከራከሩ፤ ቤተሰብ አንዱን ልጅ ሩቅ የሚልከው በአንድ ቦታ ዝናብ ቢጠፋ ወይም ሥራ ቢዘጋ በሌላው ለመደገፍ ነው። ለእኛ አካባቢ ሁለተኛው ማብራሪያ የተሻለ ይቀርባል። አንዱ ልጅ እርሻ ላይ፣ አንዱ መተማ፣ አንዷ አዲስ አበባ፣ አንዷ ዓረብ አገር ያሉበት ቤተሰብ ቦታን የመረጠው በአንድ ሰው ምቾት አይደለም። ለሄደችው ልጅ የማይስማማት ቦታ ቤተሰቡን ያቆመ ሊሆን ይችላል፤ የእሷ ድካም በቤተሰቡ ጥቅም ውስጥ ተሸፍኖ እንዳይቀር መጠየቅ ግን ተገቢ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው የትጥቅ ግጭት ደግሞ ምርጫውን አጥብቦታል። መንገድ ሲዘጋና ትምህርት ቤት ሲቋረጥ ስለ አየርና ስለ ኪራይ የሚደረገው ስሌት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሰው የሚጠይቀው ልጄ የት ይማራል፣ ማታ ሰላም ያድራል ወይ የሚለውን ነው። በክልሉ ለወራት የዘለቀው የሞባይል ኢንተርኔት መቋረጥም በርቀት የሚሠሩ ሥራዎችን፣ ማለትም ኮምፒውተርና መስመር ካለ ከየትም ሆነው ሊከናወኑ የሚችሉትን፣ ተስፋ አጨልሞ ነበር። ወጣቱ ከጎንደር ሳይወጣ ለሩቅ ቀጣሪ እንዲሠራ ያስችላል የተባለው መንገድ በመሠረቱ የሰላምና የመስመር ጥያቄ ነው።

ልጆች ላሏቸው ወላጆች ዕድሜም ወሳኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአምስት የአሜሪካ ከተሞች በተደረገ የመንግሥት ሙከራ ድኻ ቤተሰቦች በዕጣ ተመርጠው ድህነት ወዳልበዛባቸው ሰፈሮች እንዲዛወሩ ተደረገ። የአዋቂዎቹ ገቢ አላደገም፤ የአእምሮና የአካል ጤናቸው ግን ተሻሻለ። ከ13 ዓመታቸው በፊት የተዛወሩት ልጆች አድገው የተሻለ ገቢ ሲያገኙ፣ ከዚያ በኋላ የተዛወሩት ግን ያን ጥቅም አላገኙም። አገሩ ሌላ ቢሆንም ዘግይቶ መዛወር ለልጅ ከጥቅሙ ይልቅ ጓደኛና ትምህርት ማቋረጡ ሊያመዝን እንደሚችል ያመለክታል።

ምን ሊከተል ይችላል?

የተማረው ወጣት መውጣቱን ከቀጠለ የመጀመሪያው ጫና የሚያርፈው በሆስፒታሉና በትምህርት ቤቱ ላይ ነው። ቀጥሎ እድሩ ይጎዳል፤ መዋጮ የሚከፍለው ሲያንስና አባላቱ ሲያረጁ ድንኳን ተሸክሞ የሚተክል ጉልበት ይጠፋል። በባንክ የሚላክ መዋጮ ገንዘቡን ይተካል፤ በአካል መገኘትን ግን አይተካም። ከውጭ የሚመለሰው በበኩሉ ገንዘብ ይዞ ቢመጣም፣ ገንዘቡ ወደ ቦታና ወደ ቤት ግዢ ብቻ ከሄደ በብር ደመወዝ የሚኖረውን ነዋሪ ከመሀል ከተማው ሊያስወጣው ይችላል።

ከተማ አስተዳደሩ በአየሩና በከፍታው ላይ ሥልጣን የለውም። የውኃን ፈረቃ አስቀድሞ ማሳወቅ፣ ለእግረኛ ዳገቱን የሚያቀል ደረጃና መንገድ መሥራት፣ ከአዘዞ መሀል ከተማ የሚያመላልስ አስተማማኝ አውቶቡስ ማቆም ግን በሥልጣኑ ሥር ያሉ ነገሮች ናቸው። ከታሪካዊ ቅርሶቹ ያላነሰ ነዋሪውን የሚያቆዩት እነዚህ ናቸው።

ለመመለስ ወይም ለመሄድ ለሚያስብ ሰው ደግሞ ከግዢ በፊት መከራየት፣ ከመከራየት በፊትም በክፉ ወቅቱ ቆይቶ ማየት ይጠቅመዋል። ጎንደርን በሚያዝያ ውኃ ሲቀንስና በሐምሌ ጭቃው ሲበዛ ያየ ሰው በጥር ካየው የተሻለ ይወስናል። አዲስ አበባም በዕረፍት ቀን ሳይሆን በሥራ ቀን ጧት መታየት አለበት። በሙከራው ጊዜ የሚመዘገበው ነገር በቀኑ ውስጥ ስንት ሰዓት በመንገድ እንዳለፈ፣ ስንት ጊዜ ሳይጠሩት ሰው በሩን እንዳንኳኳ፣ በወሩ መጨረሻም ከደመወዙ ስንቱ እንደተረፈ ቢሆን፣ ውሳኔው ለባለቤቱም ሆነ አብሮት ለሚዛወረው ቤተሰብ በግልጽ ሊቀርብ የሚችል ይሆናል።